የግብር ቤት አዛዡ ዘር

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የማወጋችሁ የአንድ የስኮትላንድ መኰንን የዘር ሐረግ ነው። ስሙ ዋልተር፣ አባቱ አለን፣ የኖረው በ12ኛው ምዕተ ዓመት። የምጠራው ዓመትና ቀን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። ወሬውን ግን ከእሱ ከራሱ አልጀምርም። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አንድ የሐሰት አያት ስላለው፣ በዚያ በኩል ልግባ።

የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ሰው ባንኮን ያውቀዋል። ሁለት የጦር አለቆች ድል አድርገው ሲመለሱ ጠፍ ሜዳ ላይ ሦስት ጠንቋዮች ይገጥሟቸዋል። ለማክቤዝ ዘውድ ይተነብዩለታል። ባንኮን ደግሞ አንተ ባትነግሥም ነገሥታት ከአብራክህ ይወጣሉ ይሉታል። ማክቤዝ ንጉሡን ዳንከንን ገድሎ ይነግሣል፤ ከነገሠ በኋላ ግን ያቺ የባንኮ ትንቢት ዕንቅልፍ ትነሳዋለች። ነፍሰ ገዳይ ይልካል፤ ባንኮ ይወድቃል፣ ልጁ ፍሊያንስ በጨለማ ያመልጣል። ከዚያ ወዲያ ፍሊያንስ የት እንደደረሰ ተውኔቱ ትንፍሽ አይልም።

ለምን አይልም? ተመልካቹ ያውቀዋላ! «ማክቤዝ» የተጻፈው በ1606 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ለንደን ላይ የነገሠው ጄምስ ነበር፤ በስኮትላንድ ስድስተኛው፣ ከ1603 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ አንደኛው ጄምስ፣ ከስቱዋርት ቤት። የስቱዋርት ቤት ደግሞ ዘሩን የሚቆጥረው ከዚያው ከሸሸው ልጅ ከፍሊያንስ ነበር። ተውኔቱ መካከል ላይ ስምንት ነገሥታት ተራ በተራ በማክቤዝ ፊት ሲያልፉ፣ የባንኮም መንፈስ የእኔ ናቸው እያለ ሲያሳይ፣ ሼክስፒር ለንጉሡ እጅ መንሻ ማቅረቡ ነው። እጅ መንሻውን ሳያጣጥበውም አላቀረበም። ታሪኩን የወሰደበት የሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ባንኮን የማክቤዝ ግብረ አበር ያደርገዋል፤ በዳንከን ግድያ የመከረበት ሰው ነው። የንጉሥን አያት ነፍሰ ገዳይ አድርጎ በንጉሥ ፊት ማቆም አይሆንምና ሼክስፒር ባንኮን ንጹሕ አደረገው።

ሆሊንሼድስ ከየት አመጣው? ከስኮትላንዳዊው ሊቅ ከሄክተር ቦይስ። ቦይስ የአገሩን ታሪክ በላቲን ጽፎ በ1527 ፓሪስ ላይ አሳተመ፤ ፍሊያንስም የሄደበትን ነገረን። ልጁ ወደ ዌልስ ይሸሻል። የዌልስ ንጉሥ በክብር ይቀበለዋል፤ እሱም ውለታውን የንጉሡን ሴት ልጅ በማስረገዝ ይከፍላል። ንጉሡ ያስገድለዋል፤ ልጅቱን ያዋርዳታል። የተወለደው ወንድ ልጅ ዋልተር ተባለ። አድጎ ጎረመሰና አንድ ቀን ጓደኛው ዲቃላ ብሎ ቢሰድበው እዚያው ገደለው። ከዚያ አገር ለቆ ወደ አባቶቹ ምድር ወደ ስኮትላንድ ተመለሰ፤ በጀግንነቱም የንጉሡ ቤት አዛዥ ተብሎ ተሾመ። ከእሱ የስቱዋርት ነገሥታት መጡ።

አያምርም? ትንቢት አለበት፣ ደም አለበት፣ ፍቅር አለበት፣ በግፍ የተሰደደ ዘር ወደ ርስቱ መመለሱም አለበት። የጎደለው ባንኮ ነው። ማክቤዝ እውነተኛ ንጉሥ ነው፤ ዳንከን በ1040 ከተገደለ በኋላ ነግሦ በ1057 ራሱ ተገድሏል። ባንኮንና ፍሊያንስን ግን በዚያ ዘመን ያያቸው የለም፤ መኖራቸውን የምንሰማው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከቦይስ ነው።

ይህን ተረት ለማፍረስ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል፤ ንጉሥ የቆመበትን ተረት ለመናድ ቸኩሎ የሚነሳ የለምና። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሎርድ ሄይልስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ዳኛ ሰነድ አምጡ አለ፤ የሚያመጣ ጠፋ። በ1807 ጆርጅ ቻልመርስ የዋልተር አባት በእንግሊዝ ምዕራብ፣ በሽሮፕሽር አውራጃ፣ ባለ ርስት የነበረው አለን መሆኑን አሳየ። የአለን አባት ደግሞ ፍላልድ ይባላል። ፍላልድ? ይህ ስም የማን አገር ስም ነው? እንግሊዝ ውስጥ የሚያውቀው የለም። የሽሮፕሽርን ታሪክ በብዙ ቅጽ የጻፉት ቄስ ኤይተን እዚህ ላይ ልባቸው ተከፈለ፤ ፍላልድ ማለት ያው ፍሊያንስ ይሆናል ብለው ሁለቱን በግድ አጋቡ። እኔ ቄሱን አልፈርድባቸውም። ተረቱን መቅበር አልሆንላቸው ብሎ ግማሹን በሕይወት ሊያተርፉ ነበር።

ከዚያ ጆን ሆራስ ራውንድ መጣ። ይህ ሰው የትውልድ መርማሪ ነበር፤ ብዕሩም መርዝ ነበረበት። የመሳፍንቱን ቤት የሚያስጌጡ ልብ ወለድ አያቶችን እያደነ ማጋለጥ የዕድሜ ልክ ሥራው ነው። ለእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ ቤት በፈረንሳይ ገዳማት ያሉትን ጥንታዊ ሰነዶች ሰብስቦ በ1899 አሳተመ። ሰነዶቹን ሲገለብጥ በሎዋር ወንዝ ዳር፣ በሶሚር ከተማ ካለው የቅዱስ ፍሎራን ገዳም መዝገብ ውስጥ የፈለገውን ስም አገኘ። በ1901 ባወጣው መጽሐፍ ጉዳዩን ዘጋው። እኔም ከዚህ በኋላ ቦይስን ትቼ መነኮሳቱን ተከትዬ ልሂድ።

የዋልተር አያቶች አገር ብሪታኒ ነው፤ ፈረንሳይ ወደ ባሕር አፍንጫዋን የምታሾልበት ምድር። ሰዎቹ ፈረንሳዮች አልነበሩም። በአምስተኛውና በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ከብሪታንያ ደሴት ባሕር ተሻግረው የሰፈሩ ናቸው፤ ቋንቋቸውም የዌልስ ዘመድ ነው። በዚያ ምድር ዶል የምትባል ከተማ አለች። መሥራቿ ከዌልስ የመጣው ቅዱስ ሳምሶን ነው ይባላል። ትንሽ ከተማ ብትሆንም ሊቀ ጳጳስ ነበራት፤ ወይም አለኝ ትል ነበር። የቱር ሊቀ ጳጳስ በሥሬ ናችሁ ሲል የዶል ሰዎች ራሳችንን የቻልን ነን ሲሉ፣ ሙግቱ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲመጣ ቀጥሎ በ1199 ከሮም በዶል ላይ ተፈረደ።

የዶል ሊቀ ጳጳስ ታዲያ እንደ መስፍን ይኖር ነበር። ቤተኛው ብዙ፣ እንግዳው ብዙ፣ ፈረሰኛው ብዙ። ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላ፣ ጓዳውን፣ ማድ ቤቱንና ጎተራውን የሚቆጣጠር፣ ማዕዱ ሲቀርብ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እኛ የግብር ቤት አዛዥ ብንለው ያስኬዳል። ይህ ሹመት በአንድ ቤተሰብ እጅ ነበር፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። በ11ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አዛዡ አለን ይባላል፤ የእኛ ዋልተር አባት አይደለም፣ የአያቱ ወንድም ነው። በ1097 ለመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት ወደ ኢየሩሳሌም ከዘመቱት ብሪታኖች መካከል ስሙ ተጠቅሷል። የጻፈው ባልድሪክ በኋላ የዚያችው የዶል ሊቀ ጳጳስ የሆነ ሰው ነውና ወሬውን የሰማው ከቅርብ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ አንድ የዳቦ ምድጃ ነው። በዚያ ዘመን ሕዝቡ በየቤቱ ዳቦ አይጋግርም። ምድጃው የጌታው ነው፤ ገበሬው ሊጡን ተሸክሞ ይመጣል፣ ያስጋግራል፣ ይከፍላል። ስለዚህ ምድጃ ማለት በየቀኑ ገቢ የሚያስገባ ርስት ነው። አዛዡ አለን ከዶል ወጣ ብሎ የሚገኝ የምድጃ መብት ለቅዱስ ፍሎራን መነኮሳት ሰጠ። ከወንድሞቹ አንዱ ሪዋሎን እዚያው ገዳም መንኩሶ ነበርና ስጦታው ዘመድም አለበት። መነኮሳት መሬት ሲሰጣቸው የወንድም የእህት ይሁንታ ያስጽፋሉ፤ ነገ አንዱ ተነስቶ ድርሻዬ ነው እንዳይል። የዚህን ምድጃ ስጦታም ሌላው ወንድም መስማማቱን ጽፈው ያዙ። የወንድምዬው ስም ፍላልድ ይባላል።

የትልልቅ ሰዎች ዘር በሐውልት አይገኝም እላለሁ እኔ። ሐውልቱን የሚያስቀርጸው ከብሮ ያደረው የልጅ ልጅ ነው፤ የሚያስቀርጸውም የሚወደውን ነው። እውነቱ ያለው ስጦታውን የተቀበለው ሰው ሣጥን ውስጥ ነው። ተቀባዩ የሰጪውን አባትና ወንድም በትክክል የመጻፍ ጉዳይ አለበት፤ ካልጻፈ ምድጃው ይሄድበታላ።

ፍላልድ ከዚያ በኋላ ባሕር ማዶ ብቅ ይላል። በ1101 ወይም በ1102 በዌልስ ዳርቻ፣ በሞንማውዝ፣ የአንድ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ሲባረክ ከታደሙት መኳንንት መካከል ነው። ገዳሙ የማን ቅርንጫፍ ነው? የዚያው የሶሚሩ ቅዱስ ፍሎራን። ከጥቂት ዓመት በኋላም ልጁ አለን በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ፣ ስፖርል በሚባል ቦታ አንድ ትንሽ ገዳም ሲተክል ለማን ሰጠው? ለቅዱስ ፍሎራን። ዶል ላይ፣ ሞንማውዝ ላይ፣ ኖርፎክ ላይ ያንኑ ስም ከዚያው ገዳም ጋር ስታገኙት የሚቀር ጥርጣሬ የለም። ራውንድ የያዘው ማስረጃ ይኸው ነው።

ሰዎቹ ባሕር ያሻገራቸው ምንድን ነው ብትሉ፣ ወዳጅነት ነው። የእንግሊዙ ድል አድራጊ ዊልያም ሲሞት ለመጨረሻ ልጁ ለሄንሪ መሬት ሳይሆን ገንዘብ ነበር የተወለት። በ1091 ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ አብረው ተነሱበትና በሞን ሳን ሚሼል አለት ላይ ከበቡት። አለቱ ከዶል ሩቅ አይደለም፤ ብሪታኖችም ከሄንሪ ጎን ቆመው ነበር። በ1100 ሄንሪ የእንግሊዝን ዘውድ ሲያገኝ በችግር ቀን ያገኛቸውን አልረሳም። ደግሞም ሰው ቸግሮታል። በ1102 በሽሮፕሽር ሮበርት ዘቤሌም የሚባለው ኃይለኛ መስፍን ሸፍቶበት ተነቀለ፤ የዌልስ ጠረፍ ባዶ ቀረ። ያንን ጠረፍ ንጉሡ የድሮ ወዳጆቹን አሰፈረበት። አለን የፍላልድ ልጅ ኦስዌስትሪንና ሌላ ብዙ ጉልት አገኘ፤ የአውራጃውም ሹም ሆነ። የኤርኑልፍ ዘሄስዲንን ልጅ አቬሊናን አገባ፤ ዊልያም፣ ጆርዳንና ዋልተር ተወለዱ።

ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን እነሱም እንደ እኛ በአባት ስም ይጠሩ ነበር፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ገና አልጸናም።

ከዚያ አለን አለፈ። የእንግሊዙ ርስት ለዊልያም፣ የዶሉ ለጆርዳን ሆነ። ለዋልተር የተረፈው ጥቂት ነው። ወንድሙን እያገለገለ ሊያረጅ ነበር፤ ንጉሥ ባይሞትና አገር ባይታመስ።

ሄንሪ በ1135 ሞተ። ወንድ ልጁ ቀደም ብሎ በባሕር ሰጥሞ ነበርና መኳንንቱን ለሴት ልጁ ለማቲልዳ አስምሎ ነበር። መሐላው አልጠቀመም፤ የእህቱ ልጅ እስቴፈን ሮጦ ዘውዱን ጫነ። እንግሊዝ ለሁለት ተከፈለች። ዊልያም የአለን ልጅ መሐላውን ጠበቀ፤ በ1138 በሽሩስበሪ ግንብ በእስቴፈን ላይ በሩን ዘጋ። እስቴፈን ከበበው። ግንቡ ሊያዝ ሲል ዊልያም አመለጠ፤ አጎቱ አርኑልፍ ዘሄስዲን ግን እዚያው ቀረ፤ ከመያዙ በፊትም ንጉሡን ሰድቦት ነበር። እስቴፈን አርኑልፍን ከ90 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ሰቀለው። ይህን የጻፈልን መነኩሴው ኦርደሪክ ነው። ኦርደሪክ በኖርማንዲ ገዳም ይኑር እንጂ የተወለደው ሽሩስበሪ አጠገብ ነውና ያገሩን መርዶ ነው የጻፈው።

ዋልተር ግን ከ1136 ገደማ ጀምሮ ስሙ በሰሜን፣ በስኮትላንዱ ንጉሥ በዳዊት ሰነዶች ላይ በምስክርነት ይታያል። ዳዊት የማቲልዳ አጎት ነው፤ እናቷ እህቱ ናት። ወጣትነቱን የጨረሰው በሄንሪ ቤተ መንግሥት ስለነበር ፈረሰኛና ግንብ፣ ገዳምና የገበያ ከተማ ምን እንደሚሠራ አይቷል። በ1124 ሲነግሥ ያንን ሁሉ ወደ አገሩ ለማስገባት ቆረጠ፤ ለዚህም ሰዎች ፈለገ። የተማሩ፣ የተሰደዱ፣ መሬት የራባቸው ታናናሽ ወንድሞች። ከነሱ አንዱ ዋልተር ነበር።

ዳዊትስ ለዋልተር ምን ሹመት ሰጠው? የቤቱን አዛዥነት! በዶል የአያቱ ወንድም ለሊቀ ጳጳስ የሚሠራውን እሱ ለንጉሥ ይሠራ ጀመር። ዳዊት ይህን አስቦ ሾመው ብዬ አልምልም። ቢሆንም የማዕድ ነገር በዘሩ ያለ ሰው መሆኑን በዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ።

ከሹመቱ ጋር ምድር ተሰጠው። ያልተሰጠውም ቦታ ጥቂት ነው። በክላይድ ወንዝ ደቡብ ሬንፍሩ፣ ፔይዝሊ፣ ፖሎክ፣ ካትካርት፣ ኢግልሻም፣ ሎክዊኖክ፤ በምሥራቅ ደግሞ ኢነርዊክና ሌላም። ዳዊት በ1153 ሞቶ የ12 ዓመት የልጅ ልጁ ማልኮም ሲነግሥ ዋልተር ጊዜ አላጠፋም። ማልኮም የአያቱን ስጦታ አጸናለት፤ ከዚያም በላይ አዛዥነቱን ለራሱና ለወራሾቹ ለዘለዓለም አደረገለት። በንጉሡ ከተሞች ሁሉ ደግሞ የቤት ቦታና 20 ኤከር መሬት ጨመረለት፤ አዛዡ ከንጉሡ ጋር ሲዞር ማደሪያ እንዳያጣ። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው የአምስት ፈረሰኞች አገልግሎት ነበር። ርካሽ ነው? ቦታውን ስታዩት አይደለም።

ክላይድ የምዕራቡ ባሕር በር ነው። ከበሩ ውጭ ደሴቶቹ አሉ፤ በደሴቶቹ ላይ ሶመርሌድ አለ። ሶመርሌድ ማንንም ንጉሥ ጌታዬ የማይል የጌልና የኖርዌይ ድብልቅ የባሕር መስፍን ነው። በ1164 ተነሳ። የማን ደሴት ዜና መዋዕል 160 መርከብ ይዞ መጣ ይላል። መልሕቁን የጣለውም ሬንፍሩ ላይ ነው፤ የዋልተር ደጃፍ። ጦሩ ገና ከመርከብ ወርዶ ሳይደራጅ ጥቂት የአገሬው ሰዎች ገጠሙት፤ ሶመርሌድ ከነልጁ ወደቀ። የግላስጎው ካህን ስለዚህ ቀን በላቲን ግጥም ጽፎ ድሉን ለቅዱሳን ይሰጣል፤ የሶመርሌድን ራስ አንድ ቄስ ቆርጦ ለጳጳሱ ሰጠ ይላል። ዋልተርን ግን በስም አይጠራውም! መቼም ውጊያው የተካሄደው በእሱ ምድር ነው፤ ንጉሡም እዚያ ያስቀመጠው ለዚህ ቀን ነበር። ቅዱሳኑ ብቻቸውን ተዋጉ ማለት ይከብደኛል።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1163 ገደማ፣ ዋልተር ገዳም ለመትከል አስቦ ነበር። በስኮትላንድ መነኮሳት ሞልተዋል፤ እሱ ግን መነኮሳቱን የወሰደው ከሽሮፕሽር፣ ከዌንሎክ ገዳም ነው። ከዌንሎክ ጋር ቅድስቲቱ ሚልቡርጋም መጣች፤ በፔይዝሊ ቤተ ክርስቲያን ከአገሬው ከቅዱስ ሚሪን ጎን ስሟ ተጠራ። ቻልመርስ በ1807 የዋልተርን አገር ያወቀው በዚህ ነበር። ሰው ተሰዶ ከብሮ እንኳ መጸለይ የሚፈልገው በልጅነቱ በሰማው ዜማ ነው መሰለኝ። ተከታዮቹም ከዚያው አካባቢ ናቸው። ኢግልሻምን የያዘው ሮበርት ዘሞንትጎመሪ ነበር። ሌላው ዌልሳዊው እየተባለ የሚጠራ ሪቻርድ ነው፤ የዊልያም ዋላስ ቅድመ አያት እንደሆነ ይታመናል። አዎ፣ ያ በፊልም ያያችሁት ዋላስ።

ዋልተር በ1177 ሞተ። የሜልሮዝ ገዳም ዜና መዋዕል መርዶውን ሲመዘግብ ወዳጃችን ይለዋል።

ከዚህ በኋላ ያሉትን አንድ በአንድ ብቆጥር እናንተም ትደክማላችሁ። ልጁ አለን፣ የልጅ ልጁ ዋልተር፣ ከዚያ አሌክሳንደር፣ ከዚያ ጄምስ፤ ሁሉም አዛዦች። በልጅ ልጁ ጊዜ ሹመቱ ስም ሆነና ቤቱ ስቱዋርት ተባለ፤ አዛዥ ማለት ነው። አሌክሳንደር በ1263 ላርግስ ላይ ከኖርዌዮች ጋር ተዋግቷል። ጄምስ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የነጻነት ጦርነት ወዲያና ወዲህ እያለ መጨረሻውን ከስኮትላንዱ ንጉሥ ከሮበርት ብሩስ ጋር አደረገ። ስድስተኛው አዛዥ ዋልተር ግን ሊዘለል አይገባም፤ የቤቱ እድል የተከፈተው በእሱ ነውና።

ይህ ዋልተር በ1314 በባኖክበርን ሲዋጋ ጢሙ ገና ነበር። ብሩስ ያን ቀን ድል ካደረገ በኋላ ምርኮኞች ተለዋወጠ፤ ከእንግሊዝ ከተመለሱት አንዷ ልጁ ማርጆሪ ናት። ማርጆሪ ስትያዝ ዕድሜዋ አሥር ገደማ ነበር፤ ስምንት ዓመት በእስር አሳልፋለች። በ1315 አባቷ ለወጣቱ አዛዥ ዳራት። በሚቀጥለው ዓመት ወንድ ልጅ ተወለደ፤ በአያቱ ስም ሮበርት ተባለ። እናትየው ብዙም አልቆየች። ፔይዝሊ አጠገብ ከፈረስ ወድቃ ሞተች ይባላል፤ መቃብሯም እዚያው የመጀመሪያው ዋልተር በተከለው ገዳም ነው።

ብሩስ ቆይቶ ወንድ ልጅ ወለደ፣ ዳዊት። እዩልኝ እንግዲህ፦ አጎትየው ዳዊት ከእህቱ ልጅ ከሮበርት በስምንት ዓመት ያንሳል። አጎትየው በአምስት ዓመቱ ነገሠ፤ የእህት ልጅ ደግሞ አባቱ በ1327 ሲሞት በ11 ዓመቱ አዛዥ ሆነ፤ አጎቱ ልጅ ካልወለደ ወራሹ እሱ ነው። ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን አልተዋደዱም። ማን ይፈርድባቸዋል?

በ1333 እንግሊዞች ሃሊዶን ኮረብታ ላይ የስኮቶችን ጦር ፈጁት። ሮበርት 17 ዓመቱ ነው። የአባቶቹ ምድር ተወረሰ፤ እሱ በቡት ደሴት ተደበቀ። ከዚያ በሌሊት በጀልባ ቀዝፈው አሻገሩት፤ በስኮቶች እጅ ወደቀረው ወደ ደምባርተን ግንብ ገባ። ሲሸሽ ምን ይዞ ነበር? የርስት ሰነዶቹን። ያ ልጅ ከዘመኑ ሰው ሁሉ የዘሩን ነገር በቅጡ የገባው እሱ ነው እላለሁ።

ይህን ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ የቀረውን የመጀመሪያውን ዋልተር ታላቅ ወንድም የዊልያምን ዘር አስታውሱ። ዊልያም በ1155 ርስቱ ተመልሶለት ነበር። ዘሮቹ በጋብቻ የአሩንደልን ግዛት ወርሰው ኤርል ሆኑ፤ ከእንግሊዝ ባለጠጎች ተርታ ገቡ። ሃሊዶን ላይ ስኮትላንድ ስትወድቅ የአሩንደሉ ኤርል ሪቻርድ አንድ ነገር ትዝ አለው። ለሁለት መቶ ዓመት የተለያዩ ዘመዳሞች! ከመጀመሪያው ዋልተር ወዲህ ድንበርና ጦርነት ለይቷቸዋል፤ እሱ ግን የስኮትላንድ አዛዥነት የቤተሰባችን ነው፣ ሮበርት በአመፁ ቢያጣው የሚገባው ለእኔ ነው አለ። ባንኮን የፈጠረው ቦይስ ገና ሁለት መቶ ዓመት ይቀረዋል፤ እውነተኛውን የዘር ሐረግ ግን የአሩንደል ሰዎች በቃላቸው ያውቁታል። ሪቻርድ ይገባኛል ያለውን መብት ለንጉሡ ለኤድዋርድ ሦስተኛ በ1,000 ማርክ ሸጠው። ማርክ የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነውና 667 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ኤድዋርድም ከፍሎ ወረቀቱን ወሰደ።

ሰነዱን በጀልባ ያሻገረው ሮበርት ግን ምድሩን መልሶ ያዘ። ደጋግሞ እንደራሴ ሆኖ አገር መራ፣ ከአጎቱ ጋር ተጣላ፣ ታረቀ፣ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ልጆች ወለደ። ዳዊት በየካቲት 1371 ያለ ልጅ ድንገት ሞተ። መጋቢት 26 ቀን በስኩን ዘውድ ሲጫንለት ሮበርት የ55 ዓመት ሰው ነበር። አዛዥነቱን ለበኩር ልጁ ለጆን አወረሰው። ሹመቱ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ወራሹ ተለይቶ አያውቅም፤ ዛሬ የብሪታንያ አልጋ ወራሽ የሆነው ዊልያም ከማዕረጎቹ አንዱ የስኮትላንድ ታላቅ አዛዥ የሚል ነው።